የወፍ ጎጆ ፈርን እና የአሸዋ የባሕር ኪያር

አንዱ ተክል፣ ሌላው እንስሳ ነው፤ ሁለቱም ግን ከብስባሽ ይኖራሉ። ፈርኑ (አስፕሌኒየም ኒደስ) ዛፍ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን በተደረደሩት ቅጠሎቹ ከላይ የሚረግፈውን ይሰበስባል፤ ያ ሲበሰብስ ሥሩን ይመግባል። ከዛፉ ምንም አይመጥም። የባሕር ኪያሩ (ሆሎቱሪያ ስካብራ) ደግሞ አሸዋውን ራሱን ይውጣል፤ ባክቴሪያውንና ብስባሹን አስቀርቶ አሸዋውን መልሶ ያወጣዋል። የሚተነፍሰውም በፊንጢጣው ውኃ እየሳበ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይደንቃል!

በፈርኑ ቅጠል ጀርባ በሰያፍ የተሰለፉት ቡናማ መስመሮች የስፖር (ፈርኑ የሚራባባቸው ደቃቅ ቅንጣቶች) ከረጢቶች እንጂ በሽታ ስላልሆኑ አትፋቋቸው። በዕቃ የተተከለውን ስታጠጡ መሃሉን ትታችሁ ዳር ዳሩን ይሁን፤ እምቡጡ ላይ ውኃ ከቆመ ይበሰብሳል። የባሕር ኪያሩን በኩሬ ለሚያረባ ግን የሚያስፈራው ከባድ ዝናብ ነው፤ የውኃው ጨው በድንገት ሲቀንስ እንስሳው ሊሞት ይችላል።