ከሕፃን ጋር የምትበሩ፣ «አልጋው ተረጋግጧል» የሚለውን ኢሜይል አትመኑ

ይህን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕፃን ታቅፎ አውሮፕላን ለሚሳፈር ሰው ነው። እኛ የተበላንበት ነገር ማንንም ሊበላ ይችላል።

ልጃችን ያኔ ሰባት ወሯ ነበር። በረራው የሌሊት ነው፣ 9 ሰዓት ይፈጃል። ትኬቱን የቆረጥነው ከአየር መንገዱ ሳይሆን የብዙ አየር መንገዶችን ትኬት ከሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ትንሽ ስለሚቀንስ። ልንከፍል ስንል «የሕፃን አልጋ ያለበት መቀመጫ» የሚል ምርጫ መጣ፣ ከተጨማሪ ክፍያ ጋር። አልጋው አውሮፕላኑ ውስጥ ከመቀመጫ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የሚገጠም ትንሽ የሕፃን መኝታ ነው። ባለቤቴ «ይሄማ አይታለፍም» አለ። ከፈልን። ወዲያው «አልጋዎ ተረጋግጧል» የሚል ኢሜይል መጣልን፤ እኔም በቃ ነገሩ አለቀ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ኤርፖርት ስንደርስ ቼክ ኢን ላይ ያለችው ሠራተኛ ፓስፖርቶቹን ተቀብላ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገች። ዝም አለች። የልጄን ፓስፖርት መልሳ ገለጠችና እንደገና ነካካች። «ሕፃኗን አስመዝግባችኋል?» አለችን። ቡኪንጉ ላይ ያለነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። አልጋው ይቅርና ልጅቷ ራሷ የለችም።

ድረ ገጹ የኛን ስም ለአየር መንገዱ ሲያስተላልፍ የልጅቷን እዚያው እራሱ ጋ አስቀርቶታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጭን ላይ ቢቀመጥም የራሱ ትኬት ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ግን ከየትኛው ዋጋ? የኛ የተሰላው ከወራት በፊት ከከፈልነው ሳይሆን በዚያች ሰዓት ከሚሸጠው ነው፤ ያ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። በርካሽ ገዛን ያልነው ሁሉ እዚያው መስኮት ላይ ተበላ።

ወደ አልጋው ስንመጣ፣ አልጋው የሚገጠመው ፊት ለፊቱ ግድግዳ ባለበት ረድፍ ላይ ብቻ ነው። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ቀድሞ በትክክል ያስያዘ ወስዶታል። ጎን ለጎን እንዳንቀመጥ ደግሞ በተመደብንበት ረድፍ በእኛ በኩል ሌላ ሕፃን አለ ተባልን። ከላይ የሚወርደው የኦክሲጅን ጭምብል ከመቀመጫው ቁጥር የሚተርፈው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጭን ላይ ያሉ ሁለት ሕፃናት በአንድ ረድፍ አንድ ጎን ላይ አይቀመጡም። እኔ ወደ ፊት፣ ባለቤቴ ስድስት ረድፍ ወደ ኋላ።

ያን ሌሊት አልረሳውም። ልጄ ክርኔ እጥፋት ላይ ተኝታ ፀጉሯ በላብ ርሶ ቆዳዬ ላይ ተለጥፏል። ክንዴ ደንዝዟል። ባንቀሳቅሰው ትነቃለች፤ ካላንቀሳቀስኩት ደግሞ መሐል ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ብትወድቅስ እያልኩ ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

ስንመለስ ለድረ ገጹ ጻፍን። መልሳቸው «የተረጋገጠው ጥያቄዎ ነው እንጂ አልጋው አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያ አይመለስም» የሚል ነው። የባሰ ያናደደኝ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች አልጋውን በነፃ እንደሚሰጡ ማወቄ ነው፤ የሚያስከፍሉም ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ለመቀመጫው ነው። እኛ የከፈልነው ማንም ላላስተላለፈው መልእክት ነው።

ስለዚህ ከየትም ግዙ፣ ትኬቱ እንደተቆረጠ ስድስት ሆሄና ቁጥር ያለውን የቡኪንግ ኮድ ይዛችሁ አየር መንገዱ ራሱ ድረ ገጽ ላይ ግቡ። የሕፃኑ ስም አለ? ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ተጽፏል? ከዚያ ደውሉና ለሕፃኑ የራሱ 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር መውጣቱን ጠይቁ። ስሙ ኖሮ ትኬቱ ላይወጣ ይችላል። ስለ አልጋው ስትጠይቁ «ተጠይቋል ወይስ ተይዟል?» በሉ፤ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የክብደትና የቁመት ገደቡንም ጠይቁ፣ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ 10 እና 11 ኪሎ አካባቢ ነው። ትራንዚት ካላችሁና ሁለተኛውን በረራ የሚያበረው ሌላ አየር መንገድ ከሆነ እሱም ጋ ለብቻው ደውሉ። ልጁ ከመመለሻው በፊት ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ደግሞ ለመልሱ የራሱ መቀመጫ ይገዛለታል፣ ይህንንም አሻሻጮቹ አይነግሯችሁም።

አልጋው ቢገኝም እንኳ አውሮፕላኑ ሲናወጥና የቀበቶው መብራት ሲበራ ብዙ አየር መንገድ ላይ ልጁን ከእንቅልፉ አንስታችሁ መያዝ ግድ ነው። እዚያ ረድፍ ላይ ከፊት ወንበር ስለሌለ ሲነሳና ሲያርፍ ቦርሳችሁ ከላይ ይገባል። ዳይፐሩንና ጡጦውን ቀድማችሁ አውጡ።

በኢንተርኔት ስለሚሸጡት፣ ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ስለሚንጠለጠሉት የሕፃን መኝታዎችና በአየር ስለሚነፉት ትራሶችም ላንሳ። ማስታወቂያቸው ያምራል። ብዙ አየር መንገዶች ግን ይከለክሏቸዋል፣ ገዝታችሁ ሆስተሷ «አንሱት» ብትላችሁ የምትከራከሩበት ነገር የለም። የአየር መንገዱን ዝርዝር ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

በካርድ ከከፈላችሁ ባንካችሁን «ያልተሰጠ አገልግሎት ነው» ብላችሁ ክፍያውን እንዲያስመልስ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔም ጠይቄያለሁ። ባንኩ የፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ተረጋግጧል» የሚለው ኢሜይል ነው፣ እሱ አለኝ። ሌላው ምንም ዓይነት የአልጋ ጥያቄ እንዳልደረሰው ከአየር መንገዱ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስረጃ ነው። ያኔ ቼክ ኢን ላይ ያለችው ልጅ ሁሉንም ነገር ስክሪኗ ላይ እያየችው ነበር፣ «በጽሑፍ ስጪኝ» ብላት ምናልባት ትሰጠኝ ነበር። በረራው እንዳያመልጠን ብዬ ልጄን አቅፌ ወደ ፍተሻው ሮጥኩ። እናንተ ሳትጠይቁ ከዚያ መስኮት አትነሱ።