አደይ አበባው ገረጣ፦ ባለቀለም ንቅሳት ከ14 ወር በኋላ

ቢጫው ሄዷል። ግራ ክንዴ ላይ ያለው አደይ አበባ ገና 14 ወሩ ነው። ጥቁሩ መስመር ጥርት ብሎ አለ፣ አረንጓዴው ቅጠልም አልተነካም። አበባው ግን ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ነጠላ ወይቧል።

«ዕድሜ ልክ የማይለቅ» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ቃል ለጥቁሩ ብቻ ቢያውሉት ጥሩ ነው። የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳት እስከ እርጅና የሚታየው በአብዛኛው በጥላሸት ስለሚነቀስ ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፣ ካርቦን ደግሞ ለፀሐይ አይበገርም። የዘመኑ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ግን ብዙውን ጊዜ «አዞ» ከሚባለው የቀለም ቤተሰብ የመጡ ናቸው። አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ የፀሐይ ጨረር ሲመታቸው ትስስራቸው ይበጠስና ቀለማቸው ይጠፋል፤ ቢጫው ደግሞ ቀድሞ ይሄዳል። እንዲፈካ ተብሎ የሚደባለቅበት ነጭ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ራሱ ብርሃን ሲያገኘው መፍረሱን ሊያፋጥን ይችላል።

«ፀሐይ የትም አገር አለ» ይባል ይሆናል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ከምድር ወገብ የምንርቀው 9 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች፦ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ። ነሐሴ! ጃኬት ደርበን ዝናቡን የምናማርርበት ወር። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፈዋል፤ ብርዱ ስለሚያዘናጋን ግን የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን የምንተወው ያኔ ነው።

ሌላው ማንም የማይነግራችሁ ነገር የመኪና መስታወት ነው። ቆዳ የሚያቃጥለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት፣ ዩቪቢን፣ ያስቀረዋል፤ ሌላውን ዓይነት፣ ዩቪኤን፣ ግን በብዛት ያሳልፋል። ከፒያሳ ሜክሲኮ በሚኒባስ መስኮት ዳር ተቀምጦ የሚመላለስ ሰው ቆዳው ሳይቃጠል ቀለሙ ይለቃል። የሹፌሮች ግራ ክንድማ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው።

እንግዲህ መከላከያው። ኤስፒኤፍ 50 (ኤስፒኤፍ የመከላከል አቅሙ መለኪያ ነው) የፀሐይ ክሬም፣ ዩቪኤ እንደሚከላከል የተጻፈበት፣ ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ይቀባል፤ ውጭ ከቆያችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ላለው ቦታ በአንድ ጣት ሙሉ ርዝመት የተጨመቀ ክሬም ያስፈልጋል፣ አንድ ግራም ከምናምን ይሆናል። አብዛኛው ሰው የዚህን ግማሽ ቀብቶ «ክሬሙ አይሠራም» ይላል። በቀን ሁለቴ በዚህ መጠን ከተቀባ 50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ወጪው ከበዛባችሁ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥቅጥቅ ያለ እጀ ረጅም ሸሚዝ ልበሱ። ሸሚዝ አያልቅም፣ በላብም አይታጠብም።

የደበዘዘ ሁሉ ግን አልለቀቀም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ቆዳው ያመዳል፣ አመዱ ብርሃን ስለሚበትን ቀለሙ የሞተ ይመስላል። እጠቡት፣ አድርቁት፣ ሽታ የሌለው ቅባት ስስ አድርጋችሁ ቀቡና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት ከጎኑ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። ከፈካ ችግሩ ድርቀት ነው፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ሎሚና የሚያነጣ ክሬም ግን አታስጠጉ። ቀለሙ ያለው ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው፤ እነሱ ላዩን ከማቁሰል ሌላ የሚፈይዱት የለም።

ለኛ ቆዳ የቀለም ምርጫውም ከባድ ነው። ንቅሳቱን የምናየው በራሳችን የቆዳ ቀለም ውስጥ አሳልፈን ስለሆነ፣ የሎሚ ቢጫ ቡና ዓይነት ቆዳ ላይ በሻይ ብርጭቆ ጀርባ እንደተያዘ ቢጫ ወረቀት ነው። ካታሎጉ ላይ በነጭ ክንድ ያያችሁት እዚህ አይደገምም። ጎልተው ለመታየት ደማቅ ቀይ፣ ጥልቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሻላሉ። የቀለሙን ጠርሙስ አስገልብጡና የቀለሙን ዓይነት የሚለየውን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር (CI) አንብቡ፦ 74160 ሰማያዊና 74260 አረንጓዴ ፀሐይን በደንብ ይቋቋማሉ (የአውሮፓ ኅብረት ግን ለጤና ጥንቃቄ ሲል እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ከንቅሳት ቀለም አስወጥቷቸዋል፣ ይህን አውቃችሁ ወስኑ)። 21095 የሚል ቢጫ ካያችሁ ከአዞዎቹ አንዱ ነውና ሌላ ጠይቁ። ጠርሙሱን ማሳየት የማይፈልግ ቤት ውስጥ አትቀመጡ።

ንቅሳቱ አልጸጸተኝም፣ ቢጫው ግን አናዶኛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስጠንቀቂያ ይበቃ ነበር። ማስሞላት ይቻላል፣ ግን ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ ነው፣ ከመጀመሪያው ንቅሳት ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ። በሎሚ ቢጫ ፋንታ ወርቃማ፣ ጠርዙ ላይ ብርቱካናማ ይሁን። አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ጠባሳ ያመጣል፤ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው ጭራሽ ባይነካው ይሻላል። ያስሞላችሁት ላዩ እስኪድን፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ክሬም ሳይሆን ልብስ ነው የሚሸፍነው፤ ቅርፊቱ አይነቀልም፣ ዋናም የለም። ለዚህ ሐምሌ ይመቻል፤ እጀ ረጅም ሹራብ ማንም አይከብደውም፣ መስከረም ሲጠባና አደይ ሲፈነዳ ክንዱ ላይ ያለውም ደርሶ ይጠብቃል።