ለጎጃም ቤተ መጻሕፍት የትኛው የቪዲዮ ግዥ ይሻላል? ጥቅል ደንበኝነት፣ በተመልካች የሚገዛ ወይስ የራስ ሰርቨር

ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቪዲዮ የሚሸጡ ድርጅቶች ደብዳቤ ሲልኩ መጀመሪያ የሚጽፉት የርዕስ ብዛት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቪዲዮ! ያጓጓል። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚገዛ ሰው ግን እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። መስመሩ ሲቋረጥ በእጃችን ምን ይቀራል?

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ መምህር ለክፍሉ የመረጠውን ዶክመንተሪ ሊያሳይ ፈልጎ ወደ እኛ መጣ። የግቢው መስመርም ደክሟል። ክፍያው ተከፍሏል፣ ቪዲዮው ግን አይከፈትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይኸው ነው። መምህሩ ያለ ቪዲዮ ሲመለስ ያየሁትን ፊት አልረሳውም።

መስመሩ ደህና በሚሆንበት ቀንም ስሌቱን ሥሩት። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። 40 ተማሪዎች በየስልካቸው ሲከፍቱት 18 ጊጋባይት ከውጭ ይገባል። ያው ቪዲዮ በግቢው ሰርቨር ላይ ካለ ከውጭ የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅል ደንበኝነት

በዓመት አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ሙሉው ስብስብ ይከፈታል። ከታወቁት አንዱ አሌክሳንደር ስትሪት የተባለው አቅራቢ የሚሸጠው አካዳሚክ ቪዲዮ ኦንላይን ነው። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በተማሪ ቁጥር ይሰላል።

ብዙ የትምህርት ክፍል ላለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይመቻል። ከሙዚቃ እስከ ነርሲንግ ሁሉም የሚፈልገውን ያገኛል። ጉድለቱ የራሳችሁ የሚሆን ነገር አለመኖሩ ነው። የአከፋፋዩ መብት ያለቀበት ርዕስ ከስብስቡ ይወጣል። መምህሩ አምና ያስተማረበት ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ካታሎግ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። የማርክ መዝገቦቹን (የእያንዳንዱን ርዕስ የካታሎግ መረጃ) ኮሃ በተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ውስጥ በጅምላ ማስገባት ቀላል ነው። የወጡትን እየተከታተሉ ማጥፋት ነው የሚያደክመው። ካልጠፉ ተማሪው የሞተ ሊንክ ይጫናል።

አንድ ደንበኝነት ብቻ የምትገዙ ከሆነ እንደ ጆቭ ያለውን የላብራቶሪ ቪዲዮ አስቡበት። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙከራ አሠራርን በቪዲዮ ያወጣል። መሣሪያ በሌለበት ላብራቶሪ ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፊልም ክምችት ይበልጣል ባይ ነኝ።

በተመልካች የሚገዛ

እዚህ ሁሉም ርዕስ ይታያል፣ የምትከፍሉት ግን ተማሪው ለተጠቀመበት ነው። ለቤተ መጻሕፍት ፊልም በኢንተርኔት በሚያቀርበው በካኖፒ ለዓመታት የተሠራበት ደንብ እንዲህ ነበር። አንድ ፊልም ለአራተኛ ጊዜ ከ30 ሰከንድ በላይ ከታየ ፈቃዱ በራሱ ይገዛል። የአንድ ዓመቱ 150 ዶላር፣ የሦስት ዓመቱ 350 ዶላር።

ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል። ማንም ያላየውን አትገዙም። ነገር ግን 30 ሰከንድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ አስቡት። አራት ተማሪ ርዕሱ ስቦት ከፍቶ ቢዘጋው ግዥው ተፈጽሟል። ገንዘቡን የሚያወጣው የግዥ ክፍል ሳይሆን የማውስ ጠቅታ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከካኖፒ የወጡት ወጪው ስለከበዳቸው ነው። የእነሱ ክፍያ በእይታ ቢሆንም ችግሩ አንድ ነው። ሰው በወደደው ቁጥር ሒሳቡ ይንራል።

ለእኛ ደግሞ ዶላሩ አለ። ከሐምሌ 2016 በፊት ምንዛሪው 57 ብር አካባቢ ስለነበር 150 ዶላር 8,550 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያው ፈቃድ 15,000 ብርን ተሻገረ። በብር በተመደበ በጀት፣ በዶላር፣ መጠኑ ቀድሞ በማይታወቅ ሒሳብ መግባት አይመከርም። ግድ ከሆነ ጣሪያ አስቀምጡ። መምህሩ መጀመሪያ ይጠይቅ፣ እናንተ ትፈቅዳላችሁ፣ ከዚያ ፊልሙ ይከፈት።

በርዕስ፣ ፋይሉን ጨምሮ

አንድ አንድ ርዕስ ለይቶ ከነፋይሉ መግዛትን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእኛ አካባቢ ከሚከፈልባቸው ሁሉ የምመርጠው ግን እሱን ነው። አንዳንድ የዶክመንተሪ አከፋፋዮች ፋይሉን በራሳችሁ ሰርቨር እንድታስቀምጡ ይፈቅዳሉ። የታወቁ የሲኒማ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከራያሉ።

"ዘላቂ ፈቃድ" የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ። ዘላቂ ሆኖም ቪዲዮው በእነሱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ሊቀመጥ ይችላል። ውሉ ላይ ፋይሉን እንደሚሰጧችሁ በግልጽ ይጻፍ። በክፍል ውስጥ ማሳየትና በአዳራሽ ለሕዝብ ማሳየትም የተለያዩ መብቶች ናቸው። የፊልም ምሽት የምታዘጋጁ ከሆነ ሁለተኛውንም ጠይቁ።

ነፃ ቪዲዮ በራስ ሰርቨር

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያወጣቸው የኦፕንኮርስዌር ኮርሶች ምንጩን እየጠቀሱ ለንግድ ላልሆነ ሥራ እንዲጠቀሙባቸው ፈቃድ አላቸው፣ ቪዲዮዎቹም ይወርዳሉ። የካን አካዳሚ ነፃ የትምህርት ቪዲዮዎች ኮሊብሪ በተባለው ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አንድ ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በመካከለኛ ጥራት ከ8,000 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ይይዛል። ማውረዱን ሌሊት፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን ሥሩት። ዲስኩንም ሁለት አድርጉት፣ አንዱ ይበላሻል።

ነፃ ነው ማለት ግን ልፋት የለውም ማለት አይደለም። መራጭ መምህርና ሰርቨሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ አውርዳችሁ አትጫኑ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኛንም ይመለከታል።

ሰርቨሩ ካለ ደግሞ ማንም የማይሸጥላችሁን ነገር መጫን ትችላላችሁ። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ያሉት እዚሁ ጎጃም ነው። የቅኔ መምህሩን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀብሎ ጉባኤውን መቅረጽ፣ ከዚያ በግቢው ኔትወርክ ማኖር ለቤተ መጻሕፍት ትልቅ ሥራ ነው።

በጀቱ ትንሽ ለሆነ ኮሌጅ ምክሬ ከሰርቨሩ እንዲጀምር ነው፤ ቀጥሎ መምህራን በስም የጠየቋቸውን ጥቂት ርዕሶች ከነፋይላቸው ይግዛ። መስመሩ የጠነከረ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጥቅሉን ይጨምር። የሙከራ ጊዜውን ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠይቁ። ሻጩ በሐምሌና በነሐሴ ከሰጣችሁ ግቢው ባዶ ስለሆነ የአጠቃቀም ሪፖርቱ ምንም አይነግራችሁም። የኅዳሩ ሪፖርት ለቀጣዩ ዓመት በጀት ጥያቄ ይደርሳል፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ሳይዘጋ።