«በሞቴ» ለማትል አማካሪ ምስጋና፤ ሐዋሳ ላላችሁ

ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መያዝና መረጋጋት የሚያስቸግርበት ተፈጥሮ) ያለበትን፣ በዚያ ላይ በሰው የተጎዳ ወጣት የት እንውሰድ እያላችሁ ለምትጠይቁን፦ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ አለች። ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች በውስጥ መስመር ጠይቁን። እኛ በልዩ ፍላጎት ትምህርትና በምክር ሥራ ላይ ያለን ነን፤ ሰው የምንልክላት አሠራሯን አይተን ነው።

የግንኙነት ቁስል የሚባለው በአንድ ቀን አደጋ አይመጣም። ከምንመካባቸው ሰዎች በተደጋጋሚ የሚደርስ ቁጣ፣ ውርደትና መገፋት የሚተወው ነው። በእኛ አገር በልጁ ላይ የሚወርደው ቃል የታወቀ ነው፦ «ቀልበ ቢስ»፣ «ግግም»፣ «ቅብጥ»። ለታላቅ ዓይንን መስበር ጨዋነት ስለሆነ ዓይን አለማየቱን ማንም ልብ አይለውም። የሚያስቆጣው ሰላም አለማለቱ፣ ሲስሙት መሸሹ፣ ጉርሻ አለመቀበሉ ነው። የምግቡ ልስላሴ ወይም የሰው ጣት ከንፈሩን መንካቱ አስጨንቆት «በቃኝ» ይላል፤ «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል። አንድ ጉርሻ ማንንም አያቆስልም። እምቢታው በየቀኑ፣ በየነገሩ ሰሚ ሲያጣ ግን ልጁ የገዛ ሰውነቱን አለማመን ይማራል። አድጎ የሚበዘብዘውን ሰው እምቢ ማለት ቢያቅተው አይግረማችሁ።

የዚህች እህታችን ሥራ የሚጀምረው ተፈጥሮውን (ኦቲዝሙን ወይም ኤዲኤችዲውን) ከቁስሉ በመለየት ነው። ወጣቱ ገበያ መሄድ አቆመ እንበል። ጫጫታው ነው ወይስ እዚያ የደረሰበት ውርደት? ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር በዚያው መንገድ እንዲያልፍ ታደርጋለች። ከተረጋጋ ነገሩ በአብዛኛው ድምፅና ግርግር ነው፤ የጆሮ መሸፈኛና ሰዓት መምረጥ ይበቃዋል። በጸጥታውም ከደነገጠ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ሳይለዩ «ቀስ በቀስ ይለምደዋል» ብሎ ጫጫታ ውስጥ መክተት ባለሙያዎችም የሚሳሳቱበት ነው። ፍርሃት በልምምድ ሊቀንስ ይችላል፤ ጆሮን የሚያም ድምፅ ግን በመደጋገም ብዛት ማመሙን አይተውም።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት የክፍሉን ፎቶ፣ ማን እንደሚኖርና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ (40 ነው) በቴሌግራም ትልካለች። ዕጣን አይጨስም፣ የሚርገበገብ አምፖል የለም፣ ወንበሮቹ ጎን ለጎን ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ቀይ ካርድ አለ፤ ያነሳው ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ወሬው ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀጠሮዎች ስለ ደረሰበት ነገር አንድም ጥያቄ የለም። ካርዱ እውነት እንደሚሠራ ደጋግሞ እንዲፈትን ትተወዋለች። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን በ1992 እ.ኤ.አ. ከቁስል ለማገገም ካስቀመጠቻቸው ሦስት ደረጃዎች የመጀመሪያው ደህንነት ነው፤ ትዝታው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰብ የሚቸኩለውም እዚህ ጋ ነው፦ «አራት ጊዜ ሄደ፣ ምን አወራ?»

«ምን ተሰማህ?» አትልም። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስሜታቸውን መሰየም ይከብዳቸዋል፤ ጥያቄው ራሱ ፈተና ይሆንባቸዋል። እሷ የምትጠይቀው «መንጋጋህ ጠብቋል? እጅህ ቀዝቅዟል?» ብላ ነው። ለጭንቀቱ ከ0 እስከ 5 ቁጥር ይሰጣል፣ 4 ሲደርስ ይቆማሉ። ትንፋሽ መቁጠርም ለሁሉም አይሆንም፤ ወደ ውስጥ ማዳመጥ ጭንቀቱን የሚያብስበት ሰው አለ። ለእሱ ግድግዳ በሁለት መዳፍ እየገፋ እስከ 10 መቁጠር፣ ወይም አራት ላይ የታጠፈ ጋቢ ጭኑ ላይ ማኖር ይሻለዋል።

ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ቀጠሮ ሲረሳ «መዳን አልፈለገም» አትልም። በዋዜማው አንድ፣ 2 ሰዓት ሲቀረው ሌላ መልእክት ትልካለች፤ ከቀጠሮው በኋላም አንድ ነገር ብቻ በወረቀት ጽፋ ትሰጠዋለች። ሦስት ከሆነ አንዱም አይሠራም።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት ስትሳሳት ለምታደርገው ነው። «ጥያቄዬ ግልጽ አልነበረም፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ትላለች። እነዚህ ሰዎች አለመግባባት በተፈጠረ ቁጥር ጥፋቱ ሲለጠፍባቸው የኖሩ ናቸው። ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ይህንኑ ነው፦ ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል አለመረዳዳቱ ከሁለቱም ወገን ነው።

ለቤተሰብ የምትሰጠው ምክር ሳይመር አይቀርም። አሽሙር ይቅር፣ የፈለጋችሁትን በቀጥታ ተናገሩ። «በቃኝ» ካለ አትድገሙበት። ሽማግሌ ልኮ ማስታረቅም ይቆይ ትላለች። በዚህ የተቆጡባት አሉ፤ እኛ ግን ከእሷ ጋር ነን። ምን እንደደረሰበት ገና ሳይሰይመው «በሉ ተሳሳሙ» የተባለ ሰው፣ ያው ሌላ ጉርሻ ነው የጎረሰው።

መድኃኒት አታዝም፣ የምርመራ ወረቀትም አትሰጥም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮዋን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ፤ እሷም የምትለው ይህንኑ ነው።

እህታችን፣ እግዜር ይስጥልን።

ለምትሄዱ፦ ክፍሏ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። ከሥሩ የባጃጅ ጋራዥ ስላለ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ካገኛችሁ ደግሞ የጆሮ መሸፈኛ አትርሱ፤ ጎረቤቱ የሠርግ አዳራሽ ነው።