«ለኦቲዝም ልጆች ምቹ» ለሚል አምባር ቀድማችሁ አትክፈሉ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ እንዳትወጡ። እኔ 2,400 ብር ተበልቻለሁ።

ቦታው መሃል አዲስ አበባ ያለ የልጆች መጫወቻ ነው። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያውን ከቴሌግራም ላይ አግኝታ የላከችልኝ እህቴ ናት። «ለኦቲዝም ልጆች ምቹ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ጸጥ ያለ ሰዓት። ሁሉንም ጨዋታ በአንድ አምባር።» አምባሩ እጅ ላይ የሚታሰር ቲኬት ነው። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። መሽከርከር ነፍሱ ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ ግን ያሳብደዋል። ጸጥ ያለ ሰዓት ካሉኝ ብዬ እዚያው በቴሌብር ከፈልኩ። ለእሱ 1,600፣ ለእኔ አብሬው ስለምገባ ብቻ 800።

ጣጣው በር ላይ ጀመረ። አምባሩ ጠርዙ የሚቆረቁር፣ አንዴ ከተለጠፈ በመቀስ ካልሆነ የማይወጣ ፕላስቲክ ነው። ልጄ የሸሚዝ ምልክት እንኳ አንገቱን ሲነካው የሚያለቅስ ልጅ ነው፤ የልብሶቹን ሁሉ ምልክት ቆርጬ ነው የማለብሰው። «በቦርሳዬ ላይ እሰሩልኝ» አልኩ። አይቻልም። «በእኔ እጅ ላይስ?» እሱም አይቻልም። ከተቆረጠ ደግሞ ቲኬቱ ይሰረዛል። ገና ሳንጫወት አንጓውን መቧጨር ጀመረ።

ጸጥታውስ? ሙዚቃውን እውነትም ቀንሰውታል። ግን ከጎን ባለው አዳራሽ ልደት አለ፤ ማይክ የያዘ ሰውዬ ይጮኻል። በአየር የተነፋው መዝለያ ቤት ሞተሩ አንድ ደቂቃ አያርፍም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲነሳማ እኔ ራሴ ዘለልኩ።

ያም ሆኖ የሚሽከረከሩት ስኒዎች ላይ ወጣና ሁለቴ እየሳቀ ዞረ። እኔ ከታች ሆኜ ራሴ ዞረብኝ፣ እሱ ምንም አልመሰለው። አስተናጋጁ ልጅ ግን ፈራ። «እናት፣ ለእነሱ ባቡሯ ትሻላለች፤ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» አለኝ። አመንኩት። ባቡሯ እውነትም ቀስ ትላለች። ግን ጨለማ ዋሻ ውስጥ ትገባለች፤ ውስጡ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለ፤ ስትወጣ ደግሞ ጥሩምባዋን ትነፋለች። ልጄ ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ «አቁሙልኝ» አልኩ። «ሦስት ዙር ሳይጨርስ አይቆምም፣ አንድ ነው የቀረው» ተባልኩ። ያቺ አንድ ዙር ዓመት ሆነችብኝ። ከዚያ በኋላ ወለሉ ላይ ተኛ። አንዲት እናት «ቅብጠት ነው፣ አታባብዪው» ብላኝ አለፈች። ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኛ ግን ዛሬም «ቅብጠት» ነን።

ቅብጠት አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች መሰማት ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተቀምጧል። የሚዛን ስሜትም እንደዚሁ ነው፤ መቀመጫው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ነው። አንዱ ልጅ ቢሽከረከር አይጠግብም፤ ሌላው እግሩ ትንሽ ከመሬት ሲለቅ ገደል የገባ ይመስለዋል። ስለዚህ «ቀስ የሚል» ማለት «የሚስማማ» ማለት አይደለም። የእኔ ልጅ ጠላቱ ፍጥነት ሳይሆን ጥሩምባ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በተቃራኒው ጩኸት ግድ አይሰጠውም፣ ዥዋዥዌ ላይ ግን ከምወጣ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ታዲያ «ለኦቲዝም ልጆች ምቹ» የተባለው ለየትኛው ነው?

ቃሉን ከልባቸው የሚሉት እንዲህ አያደርጉም። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ያለው ሰሰሚ ፕሌስ በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከልነት ማረጋገጫ ያገኘ መዝናኛ ፓርክ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ በድምፅ፣ በእይታ፣ በንክኪ እያለ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሰጠበት መመሪያ አለው። እናት አንብባ ትመርጣለች። የእኛዎቹ የኦቲዝም ቀለም የሚባለውን ሰማያዊ ፊኛ ሰቅለዋል።

ገንዘቤን ስጠይቅ ገንዘብ ተቀባይዋ «እናት፣ ሲስተሙ አንዴ ከቆረጠ አይመልስም» አለች። ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ለሌላ ቀን የሚሆን ሁለት አምባር ልስጥሽ አለኝ። ያንኑ ፕላስቲክ! የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ይህን ስነግረው ፈገግ አለ። ማስታወቂያውን ስክሪን ሾት አድርጌ ስላስቀመጥኩት አቤቱታዬን ከስክሪን ሾቱ ጋር አስገብቻለሁ። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶውን ያዙ፤ በማግስቱ ማስታወቂያው ከቻናላቸው ላይ ጠፍቷል።

መሄዳችሁ ካልቀረ መጀመሪያ ልጁን ሳትይዙ ብቻችሁን ሂዱ። እያንዳንዱ ጨዋታ ሲሠራ ቆማችሁ አንድ ሙሉ ዙር እዩ፣ ስሙም። ሲጀምር ደወል አለው? ጨለማ ውስጥ ይገባል? መሃል ላይ ማቆሚያው በማን እጅ ነው? የዚህን መልስ ከአስተናጋጁ አፍ ስሙት። ጄኔሬተሩ የት እንዳለ እዩ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከጎኑ እንዳትገኙ። መጸዳጃ ቤቱንም እዩ፤ ግድግዳ ላይ ያለው የእጅ ማድረቂያ ከባቡር ጥሩምባ የማይተናነስበት ቦታ አለ። አሳፋሪ ነገር ነው ብላችሁ አትተዉት። ክፍያውን ደግሞ በየጨዋታው ክፈሉ። ሲደመር አምባሩ ይረክሳል ይሏችኋል፤ ልጃችሁ ከሁለት ጨዋታ በኋላ ከጠገበ አይረክስም።

ልጄ የዚያን ቀን ማታ ራት አልበላም፤ እንቅልፍም የወሰደው ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። አሁን ሰው ሳይበዛ ጠዋት ወዳጅነት ፓርክ እንሄዳለን። ሣሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ሲሽከረከር ይቆያል፣ ጥሩምባ የሚነፋበት የለም።

ደውላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ «አምባሩን ቦርሳ ላይ ማሰር ይቻላል?» በሉ። «አይቻልም» ካሉ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።