ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ያለው ገንዳ (ለምር ለሚዋኝ ሰው)

ስለዚህ ገንዳ እስካሁን ያነበብኩት አስተያየት ሁሉ ስለ ጥብሱና ስለ ፎቶ መነሻ ቦታው ነው፣ ስለ ውሃው የጻፈ ሰው አላየሁም፣ ስለዚህ እኔ ልጻፍ። ስሙን አልጠራም፣ የማማርረው ነገር አለኝ፣ እዛው ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን እዋኛለሁ። በዛ መስመር የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

እኔ ጅቡቲ ዳይቭማስተር ሆኜ ነው የምሰራው፣ የአየር ታንክ አዝለው ባሕር ውስጥ የሚጠልቁ እንግዶችን የምመራ ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ ይመጣል፣ ያ ግዙፉ ዓሣ፣ እኛም እንግዳ ይዘን እንወርዳለን፣ ሲዝኑ ሲያልቅ ቤተሰብ ጋ ወደ ለገጣፎ እመለሳለሁ። ሰው ሲሰማ "አንተማ ውሃ ውስጥ ነው የምትውለው፣ ደሞ ምን ገንዳ ያስፈልግሃል" ይለኛል፣ እኔም እስከ ዘንድሮ እንደዛ ነበር የማስበው። ግን ዳይቪንግ ዋና አይደለም። ጎበዝ ዳይቨር የሚባለው እኮ ቀስ የሚለው ነው፣ እጁን አጣጥፎ በፊን (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) ብቻ እየተንሳፈፈ አየሩን የሚቆጥበው፣ ከዛ ጀልባ ላይ ወጥቶ ሩዝ በዓሣ ይበላል፣ ይተኛል። ታንክ መሸከም ወገብህን ያጠነክረው ይሆናል፣ ለትንፋሽህ ግን ምንም አይጠቅምህም። ጥር ላይ አንዲት እንግዳ ዓሣውን ስትከተል ከጀልባው ርቃ ሄደችና እግሯን ክራምፕ ያዛት፣ ማዕበል ፊት ለፊት እየመታኝ ወደ 150 ሜትር የሚሆን መንገድ ጎትቼ አመጣኋት። እሷ ምንም አልሆነች። መሰላሉ ላይ ተንጠልጥዬ መናገር ያቃተኝ እኔ ነኝ፣ ካፒቴኑም ውሃውን ለሷ ሳይሆን ለኔ ነው ያቀበለው። ያን ቀን ያፈርኩትን አልነግራችሁም።

በቃ የካቲት ላይ እንደመጣሁ የጅቡቲውን ቦርሳ ሳልፈታ እንዳለ ይዤ ገንዳው ሄድኩ። በር ላይ ጥበቃው ፈተሸ፣ ቱቦና ጌጅ ያለበትን ነገር አወጣና "ይሄ ምንድነው ጋሼ?" አለኝ። "ሬጉሌተር ነው።" "ጋዙስ የታለ?" ከታንኩ አየር የምንተነፍስበት ዕቃ ነው፣ እሱ ግን የቡታጋዝ መስሎት ነው፣ ምን ይፈረድበታል። "ግቢ ውስጥ ማብሰል ክልክል ነው፣ ምግብ ከነሱ ነው የሚገዛው" ብሎ ማስያዣ ክፍል አስቀመጠው። ማስክና ፊኑን ግን አሳልፎልኛል።

ወደ ውሃው ልግባ። ገንዳው 20 ሜትር ነው፣ በገመድ ለክቼዋለሁ። የሌን ገመድ የለውም ግን ወለሉ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር አለ፣ እሱን ተከትሎ ቀጥ ብሎ መሄድ ይቻላል። እኛ ዳይቭማስተር ስንሆን የምንፈተነው ነገር አለ፣ ፓዲ የሚባለው የዳይቪንግ ድርጅት ያወጣው፣ 400 ሜትር ያለ ምንም መሳሪያ ትዋኛለህ፣ በሰዓቱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥሃል፣ ከ6 ደቂቃ ተኩል በታች ከገባህ 5፣ ከ13 ደቂቃ በላይ ከቆየህ 1። ሌላም አለ፣ 800 ሜትር በስኖርክል፣ 100 ሜትር ሰው መጎተት፣ 15 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መንሳፈፍ። እኔ ያኔ 400ዋን 4 ነጥብ ነበር ያመጣሁት፣ እዚህ የመጀመሪያ ቀን 12 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀብኝ፣ 2 ነጥብ። ሰው በዚህ ሰርተፊኬት እንጀራ ይበላል።

ግማሹ ጥፋት የከፍታው ነው እላለሁ። ለገጣፎ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ በፍሪስታይል ሦስት እጅ ቀዝፌ አንዴ መተንፈስ የለመድኩት ሰውዬ እዚህ በየሁለቱ ካልተነፈስኩ ጭንቅላቴ ይዞራል። የሱንቶ ዳይቭ ኮምፒውተሬንም (ስንጠልቅ እጃችን ላይ የምናስረው መለኪያ) የከፍታ ማስተካከያውን ኤ2 ላይ ነው ያደረግኩት፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ላለ ቦታ የሚሆነው እሱ ነው፣ ገንዳ ውስጥ ባያስፈልግም ሙቀቱን ለማየት ብዬ አስሬው ስለምገባ። ጠዋት 21 ዲግሪ ነው የሚያሳየኝ። ለሚዋኝ ሰው ይቻላል፣ ዳር ይዘው ለሚያወሩ ግን ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል፣ ውሃ ሙቀት የሚወስድብህ ከአየር ብዙ እጥፍ በፍጥነት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አጭር ገንዳ ያታልላል። ግድግዳውን በእግርህ ገፍተህ ስትነሳ 3 ሜትር በነጻ ትሄዳለህ፣ በ20 ዙር 60 ሜትር ነጻ ትራንስፖርት ማለት ነው፣ ባሕር ላይ ግን የሚገፋ ግድግዳ የለም። እና እኔ ግድግዳውን ሳልነካ ነው የምዞረው፣ አስጠሊ ነው ግን ልክ ነው። አሁን ሚያዝያ ላይ እንደዛ እየዞርኩ 10፡20 ደርሻለሁ፣ 3 ነጥብ።

ጥልቁ ጋ ከ2 ሜትር በላይ ስለሆነ መንሳፈፉን እዛ እሰራለሁ፣ ለዚህ ገንዳው በጣም አሪፍ ነው። ጨው የሌለው ውሃ ቀለል ስለሚል እንደ ባሕሩ አይሸከምህም፣ ባሕር ላይ በቀላሉ የምትንሳፈፍ ሰው እዚህ ትንሽ ዝቅ ትላለህ፣ መጨረሻ 2 ደቂቃ ደግሞ እጅህን ከውሃ ማውጣት አለብህ። እጄን አውጥቼ ሳለከልክ አንዲት ጠዋት ጠዋት የሚመጡ እናት በብሬስት ስትሮክ ቀስ ብለው አጠገቤ አለፉና "ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠራው?" አሉኝ። ከዛ ወዲህ ሰላምታችን ይሄ ሆኗል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ "ከ1 ሰዓት ጀምሮ ክፍት" የሚል ተለጥፏል፣ ቁልፍ የያዘው ልጅ ግን 1፡40 ነው የሚመጣው፣ እኔ በብርድ በር ላይ እየዘለልኩ ነው የምሞቀው። ፓኬጅ ገዛሁ፣ 12 ጊዜ በ3,000 ብር፣ በነጠላ 300 ስለሆነ 600 ይተርፋል፣ ግን ፓምፑ ተበላሽቶ አራት ቀን ሲዘጋ ቀኑ አልተራዘመልኝም፣ ካሸሯ "ሲስተሙ አይቀበልም እኮ ወንድሜ" አለችኝ፣ ሲስተሙ ደብተር ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አትሞክሩት፣ ዋጋው 500 ይሆናል፣ ሙዚቃው ይከፈታል፣ ውሃው ውስጥ ከሰው እግር ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

ትልቁ ግን የነፍስ አድኑ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ አራት ጎረምሶች ትንፋሽ የመያዝ ውድድር ያደርጋሉ፣ ከመግባታቸው በፊት ቶሎ ቶሎ እየተነፈሱ፣ ነፍስ አድኑ ልጅ ደግሞ ወንበሩ ላይ ስልኩን ያያል። እንደዛ ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ተንፍስ ተንፍስ የሚልህ ስሜት የሚመጣው ከሱ ነው፣ እሱ ከሌለ ምንም ሳይሰማህ ኦክስጅንህ አልቆ ራስህን ትስታለህ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ከመነሻውም ያነሰ ነው። ሰምጦ ዝም ያለ ሰው ከላይ ሲታይ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ሄጄ ለነፍስ አድኑ ነገርኩት፣ "ይወዳደራሉ ጋሼ፣ ምንም አይሆኑም" አለኝ። ራሴ ገብቼ አስወጣኋቸው፣ ሰደቡኝ። ለሥራ አስኪያጁም ተናግሬያለሁ፣ እስካሁን የተለወጠ ነገር አላየሁም። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ዓይናችሁን ከልጃችሁ ላይ አታንሱ።

ውሃው ንጹሕ ነው፣ ክሎሪኑ ማክሰኞ ይበዛና ዓይን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጎግል (የዋና መነጽር) የግድ። በቲሸርት አያስገቡም፣ እሱን ወድጄላቸዋለሁ። ከመገናኛ በሚኒባስ መጥታችሁ ዋናው መንገድ ላይ ወርዳችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ሎከሩ መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ ስለሌለው የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሙቅ ሻወር ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከሁለቱ ደግሞ የሚሰራው የግራው ነው።