ዘ ላስት ሌተር ፍሮም ዩር ላቨር፦ በደብዳቤው አለቀስኩ፣ በቴክስቱ ተናደድኩ

የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጆጆ ሞይስን ይሄን ልብወለድ ትናንት ሌሊት ነው የጨረስኩት፣ አሁንም ከውስጤ አልወጣም። በ2010 የወጣ ነው፣ በ2021 ፊልም ሆኗል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ፊልሙን ያያችሁም ብትሆኑ መጽሐፉን አንብቡት።

ታሪኩ ሁለት ዘመን ላይ ነው። በ1960 ለንደን ውስጥ ጄኒፈር የምትባል የሀብታም ሚስት የመኪና አደጋ ደርሶባት ሆስፒታል ትነቃለች፣ ምንም አታስታውስም፣ ባሏን እንኳን። ከዛ እቤቷ ውስጥ የተደበቀ የፍቅር ደብዳቤ ታገኛለች፣ ስሙ የለም፣ መጨረሻው ላይ "ቢ" የምትል ፊደል ብቻ። የራሷን ፍቅር ራሷ ፍለጋ ትወጣለች በቃ፣ ሰውየው ማን ነው፣ እኔስ ምን ዓይነት ሴት ነበርኩ እያለች፣ እኔም ከሷ ጋር ስፈልግ ሳላውቀው ነጋ። በ2003 ደግሞ ኤሊ የምትባል ጋዜጠኛ አለች፣ የጋዜጣው መስሪያ ቤት ቤት ሊቀይር የድሮው ማህደር ሲነሳ የነጄኒፈር ደብዳቤ እጇ ይገባል፣ እሷም ባለትዳር ሰው ወዳ ስልኳን ስታይ ነው የምትውለው።

አንዱ ደብዳቤ ላይ ሰውየው አርብ ማታ 1 ሰዓት ከ15 ፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ፣ ፕላትፎርም 4 ላይ እሆናለሁ፣ ድፍረቱ ካለሽ አብረን እንሂድ ይላታል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አለቀ። ሞባይል የለ፣ መንገድ ተዘጋጋ ብለሽ አትደውዪ፣ ያቺ ሰዓት ካለፈች አለፈች። እዛ ጋ ስደርስ እጄ ላብ በላብ ሆነ። የኤሊ ፍቅረኛ ግን ሁለት ቃል ይልክና መጨረሻው ላይ "ኤክስ" (x፣ የመሳም ምልክት) ያደርጋል፣ እሷም ከጓደኞቿ ጋር ምን ማለቱ ነው እያለች ስትተነትን ታመሻለች። አሳዘነችኝ፣ ምክንያቱም ሁላችንም እንደዛ ሆነን እናውቃለን።

አሁን ያልወደድኩትን ልንገራችሁ። የ1960ው ክፍል ራሱ ከአደጋው በፊትና በኋላ እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ የቻፕተሩን ቀን ካላያችሁ ትጠፋላችሁ፣ እኔ ሁለቴ ተመልሼ አንብቤያለሁ። ኤሊ ደግሞ መግቢያው ላይ ብቅ ብላ ትጠፋና በደንብ የምትመለሰው ወደ መጨረሻው ነው፣ ልቤ ጄኒፈር ጋ ከቀረ በኋላ እሷን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ፣ የምትወደው ሰውዬም ምኑ እንደሚወደድ አልገባኝም።

የቻፕተሮቹን መጀመሪያ ግን እንዳትዘሉት። ደራሲዋ ከእውነተኛ ሰዎች የሰበሰበቻቸው የመለያያ ደብዳቤዎች፣ ኢሜይሎችና ቴክስቶች ናቸው፣ ወንድ ለሴት፣ ሴት ለወንድ፣ በደብዳቤ፣ በቴክስት እያለ ተጽፎባቸዋል። አንዳንዶቹ አንድ መስመር ብቻ ናቸው፣ ከልብወለዱ በላይ ልቤን ያቆስሉታል።

መጽሐፉን ዛሬ ጠዋት ለእህቴ ሰጥቻታለሁ፣ ፕላትፎርሙ ጋ ስትደርስ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ ብያታለሁ።